ክረምት የሠራው አጥቢያ

በአሜሪካ ገጠር ያለች አንዲት ትንሽ የኤጲስቆጶሳውያን አጥቢያ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ትሳሳለች። ፀሐይ የምትበረታበት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ሰው ወደ ባሕርና ወደ ዘመድ የሚሄድበት ጊዜ ነውና መዘምራኑ ያርፋሉ፣ ጉባኤው ያጥራል፣ ከቀዬው ያልራቁት ምእመናንም ከቤታቸው ያዘጋጁትን ይዘው ይመጡና ሣር ላይ ተቀምጠው አብረው ይበላሉ። የዕረፍት ኅብረት ነው። እነዚሁ ሁለት ወራት በደቡብ ኢትዮጵያ በወላይታ ግን ክረምት ናቸው። ከወላይታ ዋና ከተማ ከሶዶ ርቃ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚያቆለቁለው ተራራማ አገር በምትገኘው በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ በሃላሌና በዙሪያዋ ክረምት ማለት መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት፣ ገደሉም የሚያሰጋ የሚሆንበት ወቅት ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ጎረቤት ጎፋ ከ200 በላይ ሰው በመሬት መንሸራተት ካጣች ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ኪንዶ ዲዳዬ ውስጥ የተናደው መሬት ከ10 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። እንዲህ ባለ አገር በክረምት የሚሰበሰብ ጉባኤ ለመዝናናት አይሰበሰብም። ለጎረቤቱ እጁን ያውሳል፣ የጎረቤቱንም እጅ ይፈልጋል።

ስለ ወላይታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሲጻፍ ሁለት ነገሮች ብቻቸውን ጎልተው ይወጣሉ፤ የሚሲዮናውያኑ ትጋትና የጣልያን ዘመን ስደት። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን አንዲት የገጠር አጥቢያ ከዓመት ዓመት ሳትበተን የቆየችበትን ምክንያት በእነሱ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሚሲዮናውያኑ ሄዱ፣ ስደቱም አለፈ፤ ጉባኤው ግን አለ። እኔ የምለው፣ የእነዚያ ትንንሽ አጥቢያዎች ኅብረት የተሠራው በክረምት ነው። ኅብረቱ ስብከትን የሰማው ከውጭ ቢሆንም አጥንቱን ያገኘው እርሻ፣ ረሃብና ዝናብ አስቀድመው ከሠሩት የጉርብትና ሥርዓት ነው።

ለዚህ የዓመቱን ዑደት ማየት ያስፈልጋል። ወላይታ ሁለት ዝናብ ያገኛል፤ በልግና ክረምት። በቆሎ በበልግ ይዘራል፤ እሸቱ የሚደርሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ያለው ጊዜ የወላይታ ገበሬ በእንሰቱና በስኳር ድንቹ የሚሻገረው ጊዜ ነው። በልጉ ከቀረ ስኳር ድንቹም በቆሎውም አብረው ይቀራሉ፤ ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ ሰው የሚራብበት፣ ጋዜጦች «አረንጓዴ ረሃብ» ያሉት ነገር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የጤፍ ማሳ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ አረም ይከተላል። ወላይታ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አንዱ በመሆኑ የእያንዳንዱ ቤት ማሳ ጠባብ ነው፤ በሬ የሌለውም ብዙ ነው። ስለዚህ ክረምት ማንም ብቻውን የማይወጣው ወቅት ነው። ደቦ ይጠራል፣ በሬ ይዋዋሳል፣ ያለው ለሌለው የእንሰት ሥር ይቆርጥለታል። በሰኔ ከጎረቤቱ የተጣላ ሰው በመስከረም ምን እንደሚያገኝ ያውቃል።

ክርስትና ለወላይታ በሚሲዮን አልጀመረም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ከንጉሥ ሞተሎሚ ጋር የሚያያይዘው የዳሞት ትውስታ በዚያ ምድር አለ፤ ከ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ዘመቻና ከወላይታው ንጉሥ ከካዎ ጦና መማረክ በኋላም የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በየከተማው ተተክለዋል። ኦርቶዶክሳዊው ምእመን ለክረምት የሚሆን የተዘጋጀ ሥርዓት ነበረው፤ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴን ይይዝለታል፣ ቡሄ ልጆቹን ይሰበስብለታል፣ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ቤት ያዞሩታል። ከገባሩ ብዙው ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነበር። በ1910ዎቹ የተነሣው ኢሳ ላሌ ጥንቆላንና ለመናፍስት መሠዋትን ትታችሁ ሰማይን ለፈጠረው ለጦሳ ብቻ ጸልዩ እያለ ሲሰብክ የሰማው ይኸው ሕዝብ ነው። ኢሳ ላሌ በኋላ ታሰረ። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ትቶት ያለፈው ልማድ ነው። የቤቱ አባወራ በእሑድ ቀን ቤተሰቡን ደጅ ሰብስቦ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ እየረጨ ይጸልይ ነበር። ካህንም ሕንፃም አልነበረም፤ የጸሎቱ ቦታ ግቢው ነበር። ሚሲዮናውያኑ ሲደርሱ ያገኙት ባዶ መሬት አልነበረም ማለት ነው።

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የወረዱት በ1920 ዓ.ም. ነው፤ የወላይታ ጣቢያቸውንም ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ተከሉ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ሲሆን ቁጥራቸው 10 ነበር። ሚሲዮኑ አንድ ብልህ መርህ ነበረው፤ አጥቢያው ራሱን ያስተዳድር፣ ራሱን ይቻል፣ ራሱ ይስበክ የሚል። ለአገልጋይ ደመወዝ ከውጭ አይከፈልም፣ ጸሎት ቤቱን የሚሠራው ጉባኤው ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች የኋላውን ዕድገት በዚህ መርህ ያስረዱታል። ትክክል ናቸው፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል። «ራስህን ቻል» መባል አንድ ነገር ነው፣ የሚቻልበት መንገድ ማግኘት ሌላ ነው። ጥሬ ገንዘብ በማይበዛበት አገር ራስን መቻል የሚቻለው በጉልበትና በምግብ ነው፤ ጉልበትና ምግብ የሚሰበሰቡበትን ልማድ ደግሞ ሚሲዮኑ አላመጣውም። የሣር ክዳኗን ጸሎት ቤት እንውሰድ። ሣሩ ይታጨዳል፣ ማገሩ ይቆረጣል፣ ጭቃው ይመረጋል፤ ክረምት ሳይገባ ደግሞ ክዳኑ ይታያል፣ ያረጀው ይቀየራል። ሣር ክዳን በየጊዜው ሰው ይጠራል። ጉባኤውን ለሥራ የሚሰበስበው ቀጠሮ የተጻፈው ጣራው ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ጣልያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ በወላይታ የቀሩት ሚሲዮናውያን በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ወጡ። ወሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በልጉ ዘንቧል፣ በቆሎው መሬት ውስጥ ነው፣ ክረምቱ ሁለት ወር ቀርቶታል። ፈረንጅ የሌለበት የመጀመሪያው ወቅት ረሃቡና እርሻው አንድ ላይ የሚመጡበት ያው አስቸጋሪ ወቅት ሆነ። በወላይታ ያኔ የነበሩት የተጠመቁ አማኞች 48 እንደነበሩ ይነገራል፤ ከነፃነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ማግኘታቸውን ጻፉ። ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «በተራሮች ላይ እሳት» በተሰኘው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህ ታሪክ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል። አንደኛው በመዝገብ የተቆጠሩ ተጠማቂዎችን ይናገራል፣ ሁለተኛው ግምት ነው፤ ከተጠመቁት ውጭ በ1929 ስንት ሰሚዎች እንደነበሩ ደግሞ 48 የሚለው ቁጥር አይነግረንም። ልዩነቱን የቱንም ያህል ብናጠብበው ግን መልስ የሚሻው ጥያቄ አይጠፋም፤ የውጭ ገንዘብ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት በሌለበት ዘመን ጉባኤው አደገ።

የዚያ ዘመን ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው በግርፋቱ ነው። ጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉት በአደባባይ ተገረፉ። ከግርፋቱ ይልቅ ለእኔ ብዙ የሚናገረው የእስር ቤቱ ምግብ ነው። እስር ቤቱ እስረኛን አይመግብም ነበር፤ የሚበላው ከዘመድ የመጣለት ብቻ ነው። ለታሰሩት አማኞች ግን ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ከየአቅጣጫው ምግብ ተሸክመው ይመጡ ነበር፤ ዴቪስም እምነቱን ያልተቀበሉ ጎረቤቶችን ልብ የነካው ይህ እንደነበር ይተርካል። ያንን ምግብ እናስላው። ከገጠር ሶዶ ድረስ በእግር የሚሄድ ሰው አለ፤ ከማሳው የቀረ ጉልበት ማለት ነው። የታሰረው ሰው ማሳ አለ፤ የሚያርሰው ይፈልጋል። እንሰቱን የምትፍቅ፣ ቆጮውንም የምትጋግር ሴት አለች። ይህን ሁሉ ተራ ሳያወጣ፣ ማን መቼ እንደሚሄድ ሳይከፋፈል ማንም ለሳምንታት ሊያዘልቀው አይችልም። ተራ ማውጣትን ደግሞ ወላይታ ከደቦውና ከዕቁቡ ያውቀዋል። በስብከት የተማሩት ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ያ ፍቅር የተጓዘበት መንገድ ግን የቆየ የገበሬ መንገድ ነው።

ይህ አባባል አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ደቦው ከሁሉ በፊት የነበረ ከሆነ፣ አማኙም ያላመነውም አንድ ደቦ ላይ ይውል ነበርና፣ አጥቢያው ምን አዲስ ነገር ሆነ? መልሱ ያለው ጠላው ውስጥ ይመስለኛል። ደቦ የሚጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ፓርሶ የሚሉት ጠላ የሌለበት ደቦ ለሠራተኛው የጎደለ ነበር። አዲሶቹ አማኞች ደግሞ መጠጥን ጨርሰው ተዉ፤ ለመናፍስት ከሚፈስስበት ማዕድም ራቁ። የሃይማኖት ውሳኔ ነበር፣ ውጤቱ ግን እርሻ ላይ ወደቀ። የማይጠጣ ሰው በሌላው ደቦ ላይ እንግዳ ሆነ፤ የማያጠጣ ሰው ሲጠራ ደግሞ የሚመጣለት አነሰ። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወደ ጠላው መመለስ፣ ወይም ያለ ጠላ የሚሠራ ደቦ መፍጠር። ሁለተኛውን የመረጡት ሰዎች እሑድ አብረው የሚዘምሩት ሰዎች ነበሩ። ጉባኤው ሳያስበው የሥራ ማኅበር ሆነ። አንድ ሰው አጥቢያውን ቢተው የሚያጣው የእሑዱን መዝሙር ብቻ ሳይሆን የሐምሌውን አራሽ ጭምር ነበር። እምነቱን ጥቅም ነው ማለቴ አይደለም፤ ለጥቅም የሚገባ ሰው ጅራፍ ወዳለበት አይገባም። እምነቱ ለብቻው ሊበተን በሚችልበት ቦታ ላይ ጥቅሙ ስፌት ሆነለት።

ሌላው ተቃውሞ ከወቅቱ ራሱ ይነሣል። የወላይታ ወንጌላውያን ዝናቸው የተጓዥነታቸው ነው። ከቤታቸው ወጥተው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮና ወደ ሌላው ደቡብ ሄደው ሰብከዋል፤ ፖል ባሊስኪ ከ1937 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያለውን ታሪካቸውን በሰፊው ጽፎታል። ኦሞን የሚሻገር ተጓዥ ደግሞ የሚመርጠው በጋውን ነው፤ እናም ታሪኩ የበጋ ታሪክ ነው ሊባል ይችላል። መንገዱ በእርግጥ የበጋ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሚስትና ልጆቹን ይዞ ወደማያውቀው አገር የሚሄደው ከኋላው የሚደግፈው ሲኖረው ነው። ወንጌላዊውን የሚልኩት ትንንሾቹ አጥቢያዎች ነበሩ፤ የሚልኩትም ከማሳ ባገኙት ነው። በክረምት ያልታረሰ በበጋ አይላክም። ተጓዡ በመጽሐፍ ስሙ ተጽፎ ቀርቷል፤ ማሳውን ያረሱለት ሰዎች ስም ግን ብዙ ቦታ የለም። የታሪክ አጻጻፋችን ከሚንቀሳቀስ ሰው ጋር መሄድ ይወዳል፣ ቤት የቀረውን ይረሳል። ቤት ከቀሩት መካከል ደግሞ ሴቶቹ ይበዛሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው። አጥቢያው በጉርብትና ላይ ከተሠራ የጉርብትናውን አጥር አብሮ መውረሱ አይቀርም። የወላይታ ኅብረተሰብ አጥር ነበረው። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ ከገበሬው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጡም፣ አይጋቡምም ነበር፤ ከባርነት የመጣ ቤተሰብም እንዲሁ። ሁሉም በሸክላ ሠሪዋ ማሰሮ ያበስላል፣ እሷን ግን ቤቱ አያስገባትም ነበር። ማሳ የሌላቸው እነዚህ ሰዎች በደቦ ልውውጥ ውስጥ የሚሰጡት መሬትም በሬም ስለሌላቸው፣ በእርሻ ላይ የቆመ ኅብረት እነሱን ውጭ ይተዋል። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም፣ መመለስም የለበትም። የጌታ እራት አንድ እንጀራ ለሁሉ ይቆርሳል፤ ሥርዓቱ ራሱ የድሮውን አጥር ይፈታተናል፤ ማዕዱ በተዘረጋበት ቦታ ሁሉ ጥያቄው ተነሥቷል። በጋብቻ ግን አጥሩ ከጸሎት ቤቱ ደጅ አልፎ ገብቶ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ይህ ለእኔ ክርክሩን የሚያፈርስ አይደለም። ኅብረቱ ከሰማይ ብቻ የወረደ ቢሆን ኖሮ የምድሩን ክፍፍል አብሮ ባልተሸከመ ነበር። እንከኑ ከየት እንደመጣ ስናይ አካሉም ከየት እንደመጣ እናውቃለን።

ክረምቱ የሚያበቃው በጊፋታ ነው፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው መካከል በሚውለው እሑድ የሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ። በዚህ በዓል የዓመቱ ቁጠባ ይፈታል። ሴቶቹ በቅቤ ዕቁብ ተቧድነው ዓመቱን ሙሉ ተራ በተራ ሲያጠራቅሙ የኖሩትን ቅቤ ያወጣሉ፤ ወንዶቹ በየሳምንቱ ያዋጡት ገንዘብ በሬ ይገዛል፣ ቅርጫ ይሆናል። ለበዓሉ ማዕድ ሙቹዋውና ዳጣው ይሰናዳል፣ የተጣላ ይታረቃል። የድሮው ጊፋታ ለአባቶች መናፍስት የሚደረግ ሥርዓትም ስለነበረበት ለአጥቢያዎቹ ፈተና ነበር፤ አንዳንዱ ርቆ ቆሞ ያይ ነበር፣ አንዳንዱ ሥርዓቱን ትቶ ማዕዱን ያዘ። በጊዜ ብዛት ያሸነፈው ማዕዱ ነው። ይህም አያስገርምም። አጥቢያው ከሐምሌ ጀምሮ በአንድ ማሳ ላይ የዋሉ ሰዎች ስብስብ ከሆነ፣ ክረምቱ ሲወጣ በአንድ በሬ ዙሪያ ላለመቀመጥ የሚከለክለው የመናፍስቱ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ ከወጣ በኋላ የቀረው ሥጋ፣ ቅቤና እርቅ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከወላይታ ሕዝብ 71 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። ከ10 ሰው 7ቱ በሆነበት አገር በበዓሉና በአጥቢያው መካከል የነበረው ድንበር መሳሳቱ አይቀርም።

የደርግ ዘመን ይህንኑ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ አሳየ። በ1970ዎቹ በወላይታ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእነዚሁ ወንጌላውያን፣ የቃለ ሕይወት፣ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ አንዳንዱ መጋዘን፣ አንዳንዱ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ። ጉባኤው ወደ ቤት ገባ፤ አምስትም ስምንትም እየሆኑ በየጓዳው ጸለዩ። ትዕዛዙን የሰጡት ሰዎች ሕንፃን ከጉባኤ ጋር አንድ አድርገው አይተውታል፤ በሩን ካሸግን ነገሩ ያልቃል አሉ። አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ጸሎት ቤቶቹን ያቃጠለው ጣልያንም የተሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። በእንሰት የተከበበ የገበሬ ቤት ዝናብ ሲዘንብ ከመንገድ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም፤ እዚያ የተሰበሰቡት ሰዎች ደግሞ በማግስቱ ማሳ ላይ አብረው ስለሚውሉ ለምን እንደተገናኙ የሚጠይቃቸው የለም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ወጣቱ በሬ ከመጠበቅ ይልቅ አዲስ አበባና ሐዋሳ ሄዶ ጫማ መጥረግ ወይም የቀን ሥራ ያገኛል፤ ወደ ቀዬው የሚመለሰው ለጊፋታ ነው። ክረምት ለተማሪው የዕረፍት ጊዜ ሆኗል፤ በየአጥቢያው የልጆች ትምህርትና የመዘምራን ልምምድ የሚበዛበትም ወቅት ይኸው ነው፤ ከዚህ አንፃር ያች የአሜሪካ ገጠር አጥቢያና የወላይታዋ ጥቂት ተቀራርበዋል። ደቦውን ማዳበሪያና የቀን ሠራተኛ አሳንሰውታል፤ ማሳውም ከመጥበቡ የተነሣ ብዙ እጅ አይጠራም። ጸሎት ቤቶቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ቆርቆሮ ክረምት ሳይገባ ሣር የሚያጭድ፣ ማገር የሚያቀብል፣ ወጥቶ የሚከድን ሰው አይጠይቅም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድበት ግን ሰባኪው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አሁንም ካልተሰማ ቃሉን ያቋርጥና ጉባኤው መዝሙር ያነሣል፣ ዝናቡ እስኪያባራ።